የውሃና የተራራ ከተሞች፦ የአዝቴኮች መንግሥት አነሣሥ፣ አወዳደቅና ከውድቀቱ በኋላ የሆነው

የአዝቴኮች ዋና ከተማ ቴኖችቲትላን ኦገስት 13 ቀን 1521 ወደቀች። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከበባው ሲጀመር በኤርናን ኮርቴስ ሥር የነበሩት እስፓንያውያን ከአንድ ሺህ ያነሱ ነበሩ፤ በዙሪያቸው የተሰለፉት ግን በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የትላስካላ፣ የቴስኮኮ፣ የቻልኮና የሌሎች ከተሞች ተዋጊዎች ናቸው። የአብዛኞቹ ቋንቋ ከተከበበችው ከተማ ነዋሪዎች ቋንቋ ጋር አንድ ነበር፤ የሚበሉት የበቆሎ ቂጣም ሆነ የሚሠዉላቸው አማልክት ብዙም አይለያዩም። ስለ አዝቴኮች በየመጽሐፉና በየፊልሙ የምናገኘው ታሪክ ይህን ሠራዊት አያሳየንም። የሚያሳየን ወርቅ የጠማቸውን ጥቂት ጀብደኞች፣ ግራ የተጋባ ንጉሥና በአንድ ጀምበር የተደረመሰ ታላቅ መንግሥት ነው። ቁርጥራጮቹ ሁሉ ሐሰት አይደሉም፤ የተቆራረጡ በመሆናቸው ግን ዋናውን ጥያቄ ያስረሱናል። ያ ሁሉ ጎረቤት ለምን ተነሣ? ከድሉስ በኋላ ምን አገኘ? የእኔ ክርክር ይህ ነው፦ የአዝቴክ መንግሥት የተገነባው የተሸነፉትን ከተሞች እንዳሉ ትቶ፣ ንጉሣቸውንም ሳይሽር፣ ግብር እያስከፈለ ነበር። ቶሎ ያሳደገውም ቶሎ የጣለውም ይኸው አሠራሩ ነው። እስፓንያውያን በ1521 የያዙት የዚህን ሥርዓት አናት ነበር። ከሥር ያሉትን ከተሞች ያመነመናቸው ግን ከዚያ በኋላ የመጣ፣ ረጅምና ብዙ ጊዜ የማይተረክ መከራ ነው።

ከ1325 እስከ 1428፦ የረግረጉ ስደተኞች

አዝቴክ የሚለው ስም አዝትላን ከተባለ የአፈ ታሪክ አገር የመጣ ነው፤ ቴኖችቲትላንን የቆረቆረው ሕዝብ ግን ራሱን የሚጠራው ሜሺካ ብሎ ነበር። ሜሺካዎች ከሰሜን ተሰደው የሜክሲኮ ሸለቆ ሲደርሱ ለም መሬቱ ሁሉ ባለቤት ነበረው። በሸለቆው ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ ትናንሽ መንግሥታት ተደላድለው ይኖራሉ። በናዋትል ቋንቋ እንዲህ ያለው መንግሥት አልቴፔትል ይባላል፤ ቃሉ «ውሃ» እና «ተራራ» ከሚሉት ሁለት ቃላት የተጣመረ ነው። ምንጭና ተራራ ያለው ሕዝብ መኖር ይችላልና ስሙ ባዶ ጌጥ አልነበረም። እያንዳንዱ አልቴፔትል የራሱ ንጉሥ፣ የራሱ ቤተ መቅደስ፣ የራሱ ገበያና ከየት እንደመጣ የሚተርክ የራሱ ታሪክ ነበረው። በውስጡ ካልፑሊ በሚባሉ ወረዳዎች ይከፈላል፤ መሬት የሚያከፋፍለው፣ ለጦርነት የሚያሰልፈው፣ ለሥራ በተራ የሚያሰማራው ካልፑሊው ነው። ይህን አሃድ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ከዚህ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ቁልፉ እርሱ ነውና።

ሜሺካዎች ማንም ያልፈለገውን ቦታ ያዙ። በቴስኮኮ ሐይቅ ውስጥ ባለች ረግረጋማ ደሴት ላይ በ1325 ከተማቸውን ቆረቆሩ፤ ቁልቋል ላይ ያረፈ ንስር ምልክት ሆኖላቸው ነበር የሚለው ትውፊት ዛሬም በሜክሲኮ ሰንደቅ ዓላማ ላይ አለ። እንጨትና ድንጋይ አልነበራቸውም፤ ዓሣ፣ የውሃ ወፍና ጭቃ ግን ሞልቷል። ጭቃውን ከሐይቁ ሥር እየዛቁ፣ በሸምበቆ እያገዱ፣ ቺናምፓ የሚባሉ ለም መደቦችን ሠሩ። እርጥበት ስለማይለያቸው እነዚህ መደቦች በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ምርት ይሰጣሉ። የአካባቢው ኃያል በሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ ያለችው አስካፖትሳልኮ ነበረች፤ ሜሺካዎች ለእርሷ ገበሩ፣ በጦርነቷም ተሰልፈው ተዋጉ። መቶ ዓመት ያህል ገባር ሆነው ሲኖሩ ግብር እንዴት እንደሚጫንና እንዴት እንደሚመር በሚገባ ተምረዋል።

ለውጡ የመጣው በአስካፖትሳልኮ የዙፋን ጠብ ነው። ለረጅም ዘመን የገዛው ንጉሥ ቴሶሶሞክ በ1426 ሲሞት ልጆቹ ተጣሉ፤ ማሽትላ የተባለው ልጁ ሥልጣኑን ነጠቀ፣ የሜሺካዎቹም ንጉሥ ተገደለ። በሌላ በኩል የቴስኮኮው ልዑል ኔሳዋልኮዮትል አባቱን አስካፖትሳልኮዎች በ1418 ገድለውበት በስደት ይንከራተት ነበር። አዲሱ የሜሺካ ንጉሥ ኢትስኮዋትል ከእርሱ ጋር ተባበረ፤ ከአስካፖትሳልኮ ወገን የሆነችው ትላኮፓንም ወደ እነርሱ ዞረች። በ1428 አስካፖትሳልኮ ወደቀች። አወዳደቋን ላስተዋለ፣ ከዘጠና ዓመት በኋላ ቴኖችቲትላን ላይ የደረሰው ሁሉ በትንሹ እዚህ አለ፦ በዙፋን ጉዳይ የተከፋፈለ ቤተ መንግሥት፣ ዙፋኑን የተነጠቀ የቴስኮኮ ልዑል፣ ቀን ሲጎድል የሚከዳ ጎረቤት።

ከ1428 እስከ 1502፦ አስገባሪና ገባር

ከድሉ በኋላ ቴኖችቲትላን፣ ቴስኮኮና ትላኮፓን ኅብረት መሠረቱ። በባህሉ እንደሚነገረው በጋራ ካስገበሩት ላይ ሁለቱ ታላላቅ ከተሞች ሁለት ሁለት እጅ፣ ትላኮፓን አንድ እጅ ትወስዳለች። ኢትስኮዋትል የቀድሞዎቹን የታሪክ መጻሕፍት እንዳስቃጠለ ሽማግሌዎች ለፍራንሲስካዊው መነኩሴ ለበርናርዲኖ ደ ሳሃጉን በኋላ ነግረዋቸዋል። ገባር የነበረ ሕዝብ አስገባሪ ሲሆን የትናንቱ ታሪክ አይመቸውምና ለምን እንዳስቃጠለ መገመት አያስቸግርም። ከአስካፖትሳልኮ የተወሰደውም መሬት በአብዛኛው ለመኳንንቱና ለጦር ጀግኖች ታደለ፤ ተራው ሕዝብ ከምርኮው ያገኘው ጥቂት ነው። በመኳንንትና በባላገር መካከል ያለው ልዩነት እየሰፋ የሄደው ከዚህ ወዲህ ነው።

አገዛዙ ቀላል ነበር። አንድ አልቴፔትል ሲሸነፍ ንጉሡ እሺ ካለ በዙፋኑ ይቀመጣል፤ ቋንቋው፣ አምልኮው፣ ዳኝነቱም አይነካም። የሚጨመርበት የተቆረጠ ግብርና ግብሩን የሚቆጣጠር ካልፒሽኪ የተባለ ሹም ነው። የጦር ሠፈር በጥቂት ጠረፎች ካልሆነ አይተከልም። ከወረራው ወዲህ በ1540ዎቹ ገደማ በእስፓንያዊው እንደራሴ ዘመን የተዘጋጀው፣ ኮዴክስ ሜንዶሳ የሚባለው የሥዕል መጽሐፍ ግብሩን ወደ 40 ከሚጠጉ ክፍላተ ሀገር በየከተማው ዘርዝሮ ይዟል፦ የጥጥ ኩታ፣ ካካዎ፣ የበቆሎ ጎተራ፣ የወፍ ላባ፣ የጦር ልብስ፣ ወርቅ፣ ሕያው ንስር ሳይቀር። ሠራዊት በየቦታው ሳያስቀምጡ ይህን ሁሉ መሰብሰብ ትልቅ ጥበብ ነው። ዋጋው ግን የሚታየው ንጉሥ በሞተ ጊዜ ነበር። አዲሱ ገዢ ሲነግሥ ገባሮቹ ኃይሉን ይፈትኑታል፤ እርሱም ምርኮኛና ግብር ይዞ እስኪመለስ ድረስ ንግሥናው ሙሉ አይሆንም። ሥርዓቱ ታዛዥነትን በየትውልዱ እንደገና በጦር መግዛት ነበረበት።

በቴኖችቲትላን ውስጥ ንጉሡ ትላቶዋኒ ይባላል፤ ትርጉሙ «ተናጋሪ» ነው። ዙፋኑ ከአባት ወደ በኩር ልጅ በቀጥታ አይተላለፍም ነበር፤ ከንጉሣዊው ቤተሰብ መካከል ጦር የሚመራውንና አንደበት ያለውን ታላላቆቹ መኳንንት ይመርጣሉ። አሻያካትል፣ ቲሶክና አዊሶትል ተከታትለው የነገሡ ሦስት ወንድማማቾች ናቸው። ከንጉሡ ቀጥሎ ያለው ባለሥልጣን ሲዋኮዋትል ይባላል፤ የውስጥ አስተዳደሩንና ፍርዱን የሚይዘው እርሱ ነበር። ለመኳንንት ልጆች ካልሜካክ፣ ለባላገር ልጆች ቴልፖችካሊ የሚባሉ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ በዚያ ዘመን የድሃ ልጅ ሳይቀር ትምህርት ቤት የሚገባበት መንግሥት በዓለም ላይ ብርቅ ነው። ባሪያ ነበር፤ ዕዳ ወይም ወንጀል ሰውን ባሪያ ያደርገዋል፤ የባሪያ ልጅ ግን ነፃ ሆኖ ይወለዳል። በወሊድ የሞተች ሴት በጦር ሜዳ እንደወደቀ ጀግና ትከበራለች። ሰክሮ የተገኘ መኮንን ከተራው ሰው የከበደ ቅጣት ያገኘዋል፤ ሹመት ያለው ሰው ምሳሌ መሆን አለበት የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው።

የዚህ ሁሉ ማሳያ የትላቴሎልኮ ገበያ ነበር። ኮርቴስ ለንጉሡ በጻፈው ደብዳቤ በየቀኑ ከ60,000 በላይ ሰው ይገበያይበታል ብሏል። ገበያው የራሱ ዳኞች ነበሩት፤ ሚዛን ያጭበረበረ እዚያው ይዳኛል። ትናንሹ ግዢ በካካዎ ፍሬ፣ ትልቁ በጥጥ ኩታ ይመነዘራል፤ በእኛ አገር አሞሌ ጨው የሠራውን ሥራ እዚያ የሠሩት እነዚህ ናቸው። ፖችቴካ የሚባሉት ሲራራ ነጋዴዎች እስከ ሩቅ ጠረፍ ይጓዛሉ፤ ለንጉሡም ወሬ ያመጣሉ። ዛሬ በኢትዮጵያ ወጥ ውስጥ የሚገቡት በርበሬና ቲማቲም ዘራቸው ከአሜሪካ ምድር የመጣ ሲሆን፣ ቲማቲም፣ ቸኮሌትና አቮካዶ የሚሉት ስሞች ሥራቸው ናዋትል ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሰው መሥዋዕት የሚነሣውን ተቃውሞ ማለፍ አይገባም። ብዙ ሰው ጎረቤቶቻቸው በአዝቴኮች ላይ የተነሡት ልጆቻቸው ስለሚታረዱ ነው፣ እስፓንያውያንም ነፃ አወጧቸው ይላል። መሥዋዕቱ እውነት ነው። በሜክሲኮ ከተማ መሐል ከ2015 ጀምሮ በተደረገው ቁፋሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ የራስ ቅሎች የተደረደሩበት ግንብ ተገኝቷል። በ1487 ታላቁ ቤተ መቅደስ በተመረቀ ጊዜ ታርደዋል ተብሎ በኋላ የተጻፈው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቁጥር ግን የተጋነነ ነው ብለው አብዛኞቹ የታሪክ ሊቃውንት ይስማማሉ። ዋናው ነጥብ ደግሞ ሌላ ነው፦ የአዝቴኮች ቀንደኛ ጠላት የሆኑት ትላስካላዎችም ምርኮኛ ይሠዉ ነበር። ስለዚህ የጠቡ ሥር አምልኮው ሊሆን አይችልም። ትላስካላ የምትማረረው ስለ ጨውና ስለ ጥጥ ነበር፤ የአዝቴኮች ገባሮች በዙሪያዋ ስላሉ ንግዷ ተዘግቶ ሕዝቧ አልጫ ይበላ ነበር። የባሕር ዳርቻዎቹ ቶቶናኮች ደግሞ የሚማረሩት ስለ ግብር ሰብሳቢ ነው።

ከ1502 እስከ 1519፦ የታመቀ ቂም

ሁለተኛው ሞክቴሱማ በ1502 ሲነግሥ መንግሥቱ ከባሕር እስከ ባሕር ይደርስ ነበር። ይህ ንጉሥ በኋላ ፈሪ ተብሎ ተስሏል፤ የቀደመ ሥራው ግን የጠንካራ ገዢ ነው። ከባላገር ወገን የተነሡ ሹማምንትን አስወግዶ ቤተ መንግሥቱን በመኳንንት ልጆች ሞላ። አብሮት ያለውን የቴስኮኮን ነፃነትም እየሸረሸረ ሄደ። በ1515 የቴስኮኮ ንጉሥ ሲሞት ሞክቴሱማ የእህቱን ልጅ ካካማን አነገሠ፤ ሌላው ልዑል ኢሽትሊልሾችትል አሻፈረኝ ብሎ ሸፈተና የግዛቱን ሰሜናዊ ክፍል ያዘ። ከኅብረቱ ሁለት ዋና ምሰሶዎች አንዱ እስፓንያውያን ከመምጣታቸው አራት ዓመት በፊት ተሰንጥቆ ነበር ማለት ነው። በቴኖችቲትላን ደሴት ላይ እንኳ መንትያ ከተማ የነበረችው ትላቴሎልኮ በ1473 በጦር ተደፍራ ንጉሥ አልባ ከሆነች ወዲህ ቁስሏ አልሻረም።

ከ1519 እስከ 1521፦ ከበባው

ኮርቴስ በ1519 የጸደይ ወራት በ11 መርከቦች፣ ወደ 500 በሚሆኑ ወታደሮችና በ16 ፈረሶች ደረሰ። ከሁሉ የበለጠ የጠቀመው ግን በታባስኮ በገጸ በረከት ከተሰጡት 20 ሴቶች አንዷ የሆነችው ማሊንትሲን ናት። ናዋትልም ማያም ትናገራለች፤ ማያ የሚያውቅ እስፓንያዊም አብሮት ስለነበረ ኮርቴስ የመንግሥቱን ስንጥቅ በጆሮው መስማት ቻለ። የመጀመሪያው መልካም አጋጣሚ በቶቶናኮች አገር ገጠመው። አምስት የሞክቴሱማ ግብር ሰብሳቢዎች በመጡ ጊዜ ቶቶናኮቹን እሠሯቸው አላቸው፤ ሌሊት ደግሞ ሁለቱን በስውር ፈትቶ ወዳጅነቱን ለሞክቴሱማ እንዲነግሩ ላካቸው። ቶቶናኮቹ ከዚያ በኋላ ወደኋላ መመለስ አይችሉም። ግብር ሰብሳቢ ማሠር በዚያ አገር ሁሉም የሚረዳው የዓመፅ ቋንቋ ነበር።

ትላስካላ ግን መጀመሪያ ተዋጋችው፣ ልታጠፋውም ጥቂት ቀርቷት ነበር። ምክር ቤቷ ሲከራከር ቆይቶ እነዚህን ሰዎች ከመግደል መጠቀም ይሻላል ብሎ ወሰነ። ውሳኔው የትላስካላ እንጂ የኮርቴስ አልነበረም፤ የአዝቴኮችም ዕጣ ያን ቀን ተለወጠ። እስፓንያውያን በኖቬምበር 8 ቀን 1519 ቴኖችቲትላን ሲገቡ ብዙ ሺህ የትላስካላ ተዋጊዎች ከኋላቸው ነበሩ። ሞክቴሱማ በእንግድነት ተቀበላቸው፤ ብዙም ሳይቆይ በገዛ ከተማው እስረኛቸው ሆነ። ንጉሡ ኮርቴስን አምላክ መስሎት ነው እጁን የሰጠው የሚለውን ወሬ ኮርቴስ ራሱ በደብዳቤዎቹ አልጻፈውም፤ ታሪኩ እየዳበረ የሄደው ከድሉ በኋላ ባሉት አሠርት ዓመታት ነው። እንግዳን አስገብቶ ማጥናት፣ በስጦታ ማባበልና ከጠላቶቹ ጋር እንዳይገጥም ቅርብ ማቆየት ለዚያ ቤተ መንግሥት የተለመደ ፖለቲካ ነበር። ሞክቴሱማ የተሳሳተው በአምልኮ ሳይሆን በስሌት ነው ብዬ አምናለሁ።

በሜይ 1520 ኮርቴስ በሌለበት ፔድሮ ደ አልቫራዶ በቶሽካትል በዓል የሚጨፍሩትን መኳንንት አሳረደ። ከተማዋ በሙሉ ተነሣች። ሞክቴሱማ ሞተ፤ ጁን 30 ቀን ሌሊት እስፓንያውያን በሐይቁ ላይ በተዘረጋው ጎዳና ሲሸሹ በመቶዎች የሚቆጠሩ የራሳቸው ሰዎችና ከዚያም የበዙ ትላስካላዎች አለቁ። የድሉ ምሥጢር ብረት፣ ፈረስና ባሩድ ነው ለሚሉ ሰዎች መልሱ ይህ ሌሊት ነው። መሣሪያው ሁሉ በእጃቸው ነበር፤ ሕዝቡ ሲነሣባቸው ግን አላዳናቸውም። የቆሰሉትና የተራቡት እስፓንያውያን ያገገሙት ትላስካላ ውስጥ ነው። ትላስካላ በዚያ ሳምንት በሯን ብትዘጋ ኖሮ ታሪኩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር።

ከዚያ ፈንጣጣ ገባ። ከኩባ በመጣ ሌላ የእስፓንያ ጦር የደረሰው በሽታ በ1520 መኸር ቴኖችቲትላንን አጠቃ። ሕዝቡ ከዚያ በፊት ስላላወቀው በአንድ ቤት ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወድቃል፤ ለበሽተኛው ውሃ የሚያቀርብ እንኳ ይጠፋል። አዲሱ ንጉሥ ኩዊትላዋክ ወደ 80 ቀን ገደማ ነግሦ በዚያው ሞተ፤ ወጣቱ ኩዋውቴሞክ ተተካ። በሽታው ትላስካላንም ገድሏል፤ ስለዚህ ብቻውን አሸናፊና ተሸናፊ አይለይም። የለየው የገባሮቹ ስሌት ነው። ንጉሥ በሞተ ቁጥር የሚመጣው የፈተና ሰዓት አሁን በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ መጣ፤ ከተሞቹም አንድ በአንድ ወገን ለወጡ። የቴስኮኮው ኢሽትሊልሾችትል ቂሙን ሊወጣ ሕዝቡን ይዞ ገባ። ኮርቴስ 13 መርከቦች እንጨታቸው በትላስካላ አገር ተቆርጦ፣ በብዙ ሺህ ሰው ትከሻ ተራራ ተሻግሮ፣ ቴስኮኮ ላይ እንዲገጠሙ አደረገ። ከቻፑልቴፔክ ምንጭ የሚመጣው የመጠጥ ውሃ ቦይ ተሰበረ። ኩዋውቴሞክና ሕዝቡ በረሃብና በጥም ከሁለት ወር ተኩል በላይ ተዋጉ፤ ከተማዋ የተያዘችው ቤት በቤት ፈርሳ ነው። በመጨረሻው ቀን ከብበዋቸው የነበሩት ጎረቤቶች ያደረሱት እልቂት ኮርቴስን ሳይቀር አሳቅቆት እንደነበር ጽፏል።

ከ1521 እስከ 1565፦ አዲስ አናት

አሸናፊዎቹ መጀመሪያ የፈለጉት የሞክቴሱማን የግብር መዝገብ ነው። ቀጥሎ የተዘረጋው ኤንኮሚዬንዳ የሚባል ሥርዓት ለአንድ ባለውለታ ወታደር የአንድን አልቴፔትል ግብርና ጉልበት የሚሰጥ ነበር፤ መሬቱ ግን በሕግ የሕዝቡ ሆኖ ይቀራል። ርስትና ጉልትን ለይቶ ለሚያውቅ አንባቢ አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም። ግብሩን የሚሰበስበው ያው የአገሬው ንጉሥ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑም የቆመው አብዛኛውን ጊዜ አሮጌው ቤተ መቅደስ በነበረበት ስፍራ፣ በዚያው ድንጋይ ነው። በእስፓንያ ወግ የከተማ ምክር ቤት ሲቋቋም ወንበሮቹን የያዙት የአገሬው መኳንንት ነበሩ። ፍራንሲስካውያኑ ናዋትልን በላቲን ፊደል መጻፍ አስተማሩ፤ የትላስካላ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ፣ የባላገሩ ኑዛዜ፣ የመሬት ሽያጭ ሁሉ በናዋትል ተጻፈ። ሳሃጉን በትላቴሎልኮ ኮሌጅ ከተማሩ የአገሬው ልጆች ጋር ሆነው ያዘጋጁት 12 ክፍል ያለው ሥራ ስለዚያ ኅብረተሰብ ያለን እውቀት ዋና ምንጭ ነው።

ይህን ስል የወረራውን ጭካኔ እያቃለልኩ ነው የሚል ይኖራል። ኩዋውቴሞክ ወርቅ አምጣ ተብሎ እግሩ በእሳት ተጠብሷል፤ በ1525 በሆንዱራስ ዘመቻ ላይ ኮርቴስ ሰቅሎታል። መነኮሳቱ መጻሕፍቱን አቃጥለዋል፤ የቴስኮኮው ልዑል ዶን ካርሎስ ከአሮጌው እምነት አልወጣም ተብሎ በ1539 በእሳት ተገድሏል። እነዚህ ወንጀሎች ናቸው፣ ማለዘቢያም የላቸውም። ሆኖም ሕዝቡ እንደ ጠፋ አድርገን ከተረክነው ሁለተኛ ጊዜ እናጠፋዋለን። አልቴፔትሉ ይኖር ነበር፤ ይከራከርም ነበር። በ1531 የዌሾትሲንጎ ሰዎች ያለ አግባብ የተጫነባቸውን ግብር በሥዕል ዘርዝረው ለፍርድ ቤት አቅርበዋል፤ ሰነዱ ዛሬም አለ።

የረዱትስ ከተሞች ምን አገኙ? ትላስካላ የራሷን አስተዳደርና ልዩ መብት አስከብራለች፤ ሰዎቿ ከእስፓንያውያን ጋር እስከ ጓቲማላ ዘምተዋል። ሌሎቹ ግን ውለታቸው ቶሎ ተረሳ። አሮጌው ኅብረት እንደሚያደርገው ምርኮ የሚካፈል አጋር እንሆናለን ብለው ነበር፤ አዲሱ ጌታ ግን ሁሉንም «ኢንዲዮ» በሚል አንድ ስም ጠቅልሎ ከበታች አስቀመጣቸው። ትላስካላዊና ሜሺካ በአንድ መደብ መመደባቸው ከ1428 ወዲህ ካዩት ለውጥ ሁሉ የከፋው ነው። በቴኖችቲትላን ከንጉሣዊው ዘር የሆኑ ሰዎች የአገሬው ገዢ እየተባሉ እስከ 1560ዎቹ ቆዩ። በ1564 አዲስ የገንዘብ ግብር በከተማዋ ተወላጆች ላይ ሲጣል ሕዝቡ ታወከ፤ ግብሩን ሰብስብ የተባለው የመጨረሻው ልዑል ሉዊስ ደ ሳንታ ማሪያ ሲፓክ በገዛ ሕዝቡ ተሰድቦ በ1565 ሞተ። ከመጀመሪያው የሜሺካ ንጉሥ ከአካማፒችትሊ የጀመረው ሥርወ መንግሥት በእርሱ አበቃ።

ከ1545 እስከ 1620ዎቹ፦ ሞትና መሬት

አሁን ወደ እውነተኛው ጥፋት እንደርሳለን። በ1545 ኮኮሊስትሊ ብለው የጠሩት ወረርሽኝ ተነሣ፤ ደም የሚያስተፋ፣ በጥቂት ቀን የሚገድል ነበር። ሳሃጉን በትላቴሎልኮ ብቻ ከ10,000 በላይ አስከሬን እንደቀበሩ ጽፈዋል። በ1576 ተመልሶ መጣ። በ2018 የታተመ ጥናት በኦዋሃካ ካለ የዚያ ዘመን መቃብር የታይፎይድ ዘመድ የሆነ የሳልሞኔላ ባክቴሪያ አግኝቷል። ከወረራው በፊት የመካከለኛው ሜክሲኮ ሕዝብ ስንት እንደነበር ሊቃውንቱ አይስማሙም፤ ከጥቂት ሚሊዮን እስከ 25 ሚሊዮን ይገምታሉ። በ1600ዎቹ መጀመሪያ የተረፈው ወደ አንድ ሚሊዮን ገደማ እንደነበር ግን ብዙዎች ይቀበላሉ።

ጥፋቱ የተፈጥሮ ነው፣ እስፓንያውያን አይጠየቁበትም የሚል ክርክር አለ። ተህዋሲያኑን ማንም አስቦ አላመጣም። ነገር ግን በሽታ የሚገድለው የተራበና የደከመ ሰውን አብዝቶ ነው። የሞተ ሰው ግብር እንደገና እስኪቆጠር ድረስ በሕያዋኑ ላይ ይወድቃል፤ የማዕድን ጉድጓድና የገዳም ግንባታ ከእርሻው ሰው ይወስዳል። የቀሩትን ከየመንደሩ አንሥቶ በአንድ ቦታ የማሥፈር ዘመቻ በሽታው የሚዛመትበትን መንገድ አሳጠረ፤ ባዶ የቀረውን መሬት ደግሞ የእስፓንያ በግና ከብት ገባበት። አልቴፔትሉ በጦርነት ያላጣውን በዚህ አጣ፤ ውሃና ተራራው በሕግ የእርሱ ሆኖ ሰው ጎደለው። በመሬቱ ላይ የከብትና የስንዴ ታላላቅ ርስቶች የተተከሉት በዚያ ባዶነት ውስጥ ነው።

ከ1821 እስከ 1909፦ የወረቀቱ ሣጥን

በመንደርነት ተበጣጥሶም ቢሆን የተረፈው ማኅበረሰብ መሬቱን በጋራ ይዞ የቅኝ ግዛቱን ዘመን ዘለቀ። ሜክሲኮ በ1821 ነፃ ስትወጣ ሁሉም ዜጋ እኩል ነው ተባለ፤ እኩልነቱ ግን የተወላጆቹን ምክር ቤትና የተለየ መብታቸውን ጨምሮ ሻረ። በ1856 የወጣው የሌርዶ ሕግ ማኅበራት መሬት በጋራ እንዳይዙ ከለከለ። ሕጉ የቤተ ክርስቲያንን ሀብት ለመበተን የታሰበ ቢሆንም የመንደሮቹንም መሬት ለገበያ አጋለጠ። የእስፓንያ ዘውድ ሦስት መቶ ዓመት በሕግ ያወቀውን የጋራ ይዞታ ነፃው ሪፐብሊክ በአንድ አዋጅ አፈረሰው። ለዚህ ነው 1521ን ብቻ የፍጻሜ ዓመት ማድረግ ፍርድ ማዛባት የሚሆነው።

በሞሬሎስ ግዛት አኔኔኩዊልኮ የምትባል መንደር አለች። ስሟ በኮዴክስ ሜንዶሳ ለቴኖችቲትላን ከሚገብሩት ከተሞች ተራ ተጽፏል። በ1909 የስኳር አገዳ ርስቶች መሬቷን ሊጨርሱት ደርሰው ሳለ ሽማግሌዎቿ ከሥልጣናቸው ወርደው ኤሚሊያኖ ሳፓታ የተባለውን የ30 ዓመት ሰው የመንደሩ አለቃ አድርገው መረጡ፤ ለዘመናት ተጠብቀው የቆዩትንም የመሬት ሰነዶች አስረከቡት። ከሰነዶቹ ከፊሎቹ የተጻፉት በናዋትል ነበር።